«ላይምላይት»፦ እስከ ሰባት የሚቆጥር ዓይን አፋር ዘፈን

ታዋቂ ሰው ስለ ዝና ሲያማርር ሰሚው ቶሎ ይሰለቻል። ሺዎች ቲኬት ቆርጠው የሚመጡለት ሰው «ተዉኝ፣ ብቻዬን ልሁን» ሲል ማን ያዝንለታል? የካናዳው ባንድ ራሽ በ1981 ያወጣው «ላይምላይት» ከዚህ ወጥመድ የወጣው አቤቱታውን በቃል ስላላበዛው ነው። ከባዱን ሥራ ለድራሙና ለጊታሩ ሰጥቶታል። ግጥሙ ጎበዝ ነው፣ አዝማቹ ላይ ግን ይደርቃል። ሙዚቃው አንድም ቦታ አይደርቅም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘፈኑ «ሙቪንግ ፒክቸርስ» በተባለው አልበም ላይ አራተኛው ነው፤ በሸክላው የመጀመሪያውን ፊት የሚዘጋው እሱ ነው። አልበሙ በ1980 መኸር ኩዊቤክ ውስጥ ሞሪን ሃይትስ በሚገኘው ለ ስቱዲዮ ተቀረጸ፤ ፕሮዲውሰሮቹ ባንዱ ራሱና ቴሪ ብራውን ነበሩ። ገበያ ላይ የዋለው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1981 ነው። የሚጫወቱት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ጌዲ ሊ ቤዝ፣ ኪቦርድና ድምፅ፤ አሌክስ ላይፍሰን ጊታር፤ ኒል ፒርት ድራም። ግጥሙን የጻፈው ድራመኛው ፒርት ነው፤ የሚዘፍነው ግን ሊ ነው። ይህን መያዝ ያስፈልጋል። «እኔ» እያለ የሚናገረው ሰው ማይክራፎኑ ጋ የለም፤ ከኋላ፣ ከከበሮዎቹ ክምር መሀል ተቀምጧል። ከሰው መሸሽን የሚናገር ግጥም በሌላ ሰው አፍ መውጣቱ ዘፈኑን በግማሽ ጭንብል ያለብሰዋል።

ርዕሱን በቁሙ ማወቅ ይጠቅማል። ላይምላይት ማለት የኖራ ብርሃን ነው። ኤሌክትሪክ መድረክ ላይ ከመድረሱ በፊት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ቲያትር ቤቶች ተዋናዩን የሚያደምቁት በዚህ ነበር፤ የለንደኑ ኮቨንት ጋርደን በ1837 ተጠቅሞበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ነበልባል የኖራ ቁራጭ ላይ ይለቀቃል፣ ኖራው ሲግል ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ይወጣዋል። ኖራው ራሱ አይነድም፤ ይግላል እንጂ። ነበልባሉ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ግን ይቦረቡረዋል፣ ብርሃኑም ይደበዝዛል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ኖራውን ቀስ እያለ ማዞር ነበረበት። ቅኔ የለመደ ጆሮ ኅብረ ቃሉን ወዲያው ያገኘዋል። ዛሬ ቃሉ «የሕዝብ ዓይን ማረፊያ» ከማለት በቀር ሌላ ትርጉም የቀረው አይመስልም፣ በዘፈኑ ውስጥ ግን ሙቀቱ አለ፤ የሚቦረቦረውም ሰው አለ።

ግጥሙ የሚጀምረው መብራት በበዛበት መድረክ ላይ መኖር ከእውነት ውጭ እየሆነ እንደሚሄድ በመናገር ነው። ሁለተኛው ስንኝ (በአዝማቾቹ መካከል ያለው የግጥም ክፍል) ይበልጣል። እዚህ ሰውየው ሁሉን ነገር አሳብጦ በሚያሳይ ክብ የካሜራ መነጽር ውስጥ ታስሯል። ከዚያ መቼም የማይረሳው ሐሳብ ይመጣል፦ የማላውቀውን ሰው ስጠብቀው እንደከረምኩ ወዳጅ አድርጌ መቀበል አልችልም፣ ለመዋሸት ልብ የለኝም ይላል። ይህ ትዕቢት አይደለም። ሰውየው አድናቂውን አልናቀም፤ ያቃተው ማስመሰል ነው። የፒርት ኑሮም ይህንኑ ይመስላል። በኋለኞቹ ዓመታት ከከተማ ከተማ በሞተር ብስክሌት እየተጓዘ ትርኢት ያቀርብ ነበር፤ ከአድናቂ ጋር መጨባበጡንና ፎቶ መነሣቱን ለሊና ለላይፍሰን ትቶት ነበር። ጃንዋሪ 2020 እስኪሞት ድረስ በዚህ ጸንቷል።

በዚያው ስንኝ የሼክስፒር «ዓለም ሁሉ መድረክ ናት» የሚለው ንግግር ይነሣል፤ ምንጩ «አስ ዩ ላይክ ኢት» ነው። የባንዱ ተከታታዮች ግን ሌላም ነገር ይሰማሉ፦ ራሽ በ1976 ያወጣው የመጀመሪያ የመድረክ ቅጂ አልበም ርዕሱ ይኸው ነበር። ማለትም ፒርት የጠቀሰው ሼክስፒርን ብቻ አይደለም፤ የራሳቸውን የሚሸጥ ሸቀጥ ጭምር ነው። እያጉረመረሙም የሱቁን ስም መጥራት አለ። ቀልዱ ደረቅ ነው፣ ግን ይሠራል።

የሚያሳዝነው አዝማቹ ነው። መምሰል የሚፈልጉና መሆን የሚፈልጉ ሰዎችን ለይቶ ያስቀምጣል፤ እስከዚህ ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ግን መነጠል፣ መማረክ፣ ግንኙነት የሚሉ ረቂቅ ስሞች በቤት መምቻ ተሰካክተው ይደረደራሉ። መነጽሩና እንግዳው ሰው የነበራቸው ሥጋ እዚህ የለም። የማስተማሪያ ሰሌዳ ይመስላል። የሚያድነው ዜማው ነው፤ ዜማው ባይኖር እነዚያን ቃላት ደፍሮ የሚዘምር አይገኝም ነበር።

ወደ ምቱ እንሂድ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ስንኞቹ በአብዛኛው በ7 ይቆጠራሉ፣ አልፎ አልፎ 6 ይገባበታል። አዝማቹ ሲመጣ በ3 ይንከባለላል። ለመቁጠር ቀላሉ መንገድ ሰባቱን 4 እና 3 አድርጎ መክፈል ነው፦ «አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ አንድ ሁለት ሦስት»። በእግር መምታት አይመከርም፤ እግር ሳያስቡት ስምንተኛውን ይጨምራል። ይልቅ በአፍ እየቆጠሩ በእጅ ጠረጴዛ መንካት ይሻላል። ሁለት ሦስት ዙር ሲሳካ ስሜቱ ይገባል፦ ሐረጉ ሊያርፍ ሲል መቀመጫው ከሥሩ ይሳባል። ተናጋሪው ከሰው ፊት ዘወር የሚለውም ልክ በዚህ ዓይነት ነው። ሰላምታው ሳይጠናቀቅ ሄዷል። ፒርት ይህን እንቅፋት አስመስሎ አይመታውም፤ ሲምባሉን (የብረት ሳህኑን) እና ስኔሩን (ስል ድምፅ ያለውን ከበሮ) አለስልሶ ስለሚያያይዝ ብዙ ሰው ዘፈኑን ለዓመታት ሲሰማ ኖሮ አንድ ምት እንደሚጎድል ልብ አይልም። ጎዶሎው ግን ይሰማል፤ እረፍት የሚነሳውም እሱ ነው። በ3 የሚሄደው አዝማች ሲመጣ የሚሰማው ስፋት ከዚህ የተነሣ ነው፤ የድምፅ መጨመር ብቻ አይደለም።

ከዘፈኑ አጋማሽ በኋላ የሚመጣው የላይፍሰን ሶሎ (ጊታሩ ጎልቶ የሚጫወትበት ክፍል) ብቻውን ግምገማ ይገባዋል። ላይፍሰን ራሱ ከሚወዳቸው ሶሎዎቹ አንዱ መሆኑን ተናግሯል። በዚያ ዘመን ሶሎ ማለት ፍጥነት ነበር። ይህኛው የሚጀምረው ግን ከላይ በተንጠለጠለ አንድ ረጅም ድምፅ ነው፤ ድምፁ በትሬሞሎ ዘንግ (ክሩን በሚያላላና በሚያጠብቅ የጊታር ዘንግ) ይዋዥቃል፣ ይሰምጣል፣ ተመልሶ ይወጣል። ክሩ የጎማ ያህል ይለጠጣል። ኖታዎቹ መሀል ባዶ ቦታ ተትቷል፤ በዚያ ባዶ ቦታ የሊ ቤዝ እየተሯሯጠ ይሞላል፣ ስለዚህ ጊታሩ ይበልጥ ብቸኛ ይመስላል። ሰው በተጨናነቀበት አዳራሽ አንድ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ እንደማየት ነው። ሶሎው ሲያልቅ አዲስ ስንኝ የለም፣ አዝማቹ ብቻ ይመለሳል። ሦስተኛው ስንኝ ሊቆም የሚችልበት ቦታ ለጊታሩ ተሰጥቷል ማለት ነው፤ ከአዝማቹ ረቂቅ ስሞች በኋላ ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው።

ዘፈኑን ለመጫወት የሚሞክር ባንድ የሚወድቅባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ድራመኛው ከ7 ወደ 3 ሲሻገር ፍጥነት ይቀይራል። የምቱ ፍጥነት አንድ ነው፤ የሚለወጠው አሰባሰቡ ብቻ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ የሜትሮኖሙን (የምት ቆጣሪውን) አክሰንት (የመጀመሪያውን ምት ማጉያ) አጥፍቶ እያንዳንዱን ምት እኩል እንዲመታ ማድረግ፣ ከመደበኛው ፍጥነት በደቂቃ 30 ምት ያህል ዝቅ ብሎ ጀምሮ መሻገሪያውን ብቻ ደጋግሞ መሥራት ነው። ሙሉ ዘፈኑን ከላይ እስከ ታች መደጋገም ስህተቱን ያደርቀዋል እንጂ አያርመውም።

ጊታሪስቶች ደግሞ ዲስቶርሽን (ድምፁን ማሻከር) ያበዛሉ። የዘፈኑ ቁልፍ ቢ ሜጀር ነው፤ የላይፍሰን አጨዋወት ደግሞ ቀጫጭኖቹን ክሮች ክፍት ትቶ እንዲያስተጋቡ ማድረግ ነው። ጌኑ (የሻካራነቱ መጠን) ከበዛ እነዚያ ክፍት ክሮች ተደባልቀው ጭቃ ይሆናሉ። ልኩን ለማግኘት ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) አንድ ጊዜ መትቶ ስድስቱንም ክር ለየብቻ መስማት መቻልን መፈተሽ ነው፤ ካልተለዩ ጌኑን መቀነስ፣ ድምፁን ደግሞ በቮሊዩም ማካካስ። ኮረስ (ድምፁን የሚያወፍር) እና ትንሽ ዲሌይ (ድምፁን እንደ ማሚቶ የሚደግም) ይረዳሉ። ዲሌዩ ግን ሰባቱን ምት እንዳይሸፍን ድግግሞሹ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ይበቃል።

ሶሎው ላይ ችግሩ ከዘንጉ ይመጣል። ላይፍሰን በዚያ ጊዜ የተጠቀመው ተለውጦ ፍሎይድ ሮዝ የተባለ ትሬሞሎ የተገጠመበት ስትራቶካስተር ጊታር ነው፤ ይህ ትሬሞሎ ክሩን በሁለቱም ጫፍ ቆልፎ ይይዛል። ተራ ትሬሞሎ ባለው ጊታር ዘንጉን ጠልቆ ሲጫኑት ክሩ ነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ያለው የክር ማሳለፊያ) ላይ ይይዛል፣ ሲለቁትም ወደ ቅኝቱ በትክክል አይመለስም። ፍሎይድ ሮዝ ያለው ሰውም አዲስ ክር አስሮ ወዲያው ከቆለፈ ያው ነው። ክሩን ቃኝቶ፣ በእጅ አሥር ጊዜ ያህል ወደ ላይ ሳብ ሳብ አድርጎ፣ እንደገና ቃኝቶ፣ መርገቡ ሲያቆም ብቻ መቆለፍ ነው። ጥቃቅን ማስተካከያ ብሎኖቹን ከመቆለፍ በፊት መሀል ላይ ማቆም አይረሳ፤ ጥግ ላይ ከሆኑ ከቆለፉ በኋላ የሚዞሩበት ቦታ ያጣሉ። ድልድዩ (ክሮቹ ከታች የሚያዙበት ክፍል) የሚንሳፈፍ በመሆኑም አንድ ክር በጣት ሲታጠፍ ሌሎቹ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ በሶሎው ውስጥ ክፍት ክር እንዳይጮህ በቀኝ መዳፍ መሸፈን ያስፈልጋል።

ዘፋኙ መጮህ የለበትም። ሊ በ1970ዎቹ ካወጣው ጩኸት እዚህ ዝቅ ብሏል፤ ስንኙን ለቅርብ ሰው እንደሚናገር አድርጎ ነው የሚለው። ቤዝ እየመቱ ይህን መዝፈን ግን አበሳ ነው፤ ቃሉ ከቤዙ ምት ጋር አይገጥምምና። ቤዙ ያለ ሐሳብ የሚሄድበት ደረጃ ሳይደርስ ቃል መጨመር ከንቱ ድካም ነው።

አልበሙ በካናዳ አንደኛ፣ በአሜሪካ ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል። ዓይን በዛብኝ የሚለው ዘፈን ተጨማሪ ዓይን አመጣ። በመድረክ ለመስማት የ2022ቱን የ40ኛ ዓመት እትም እንመርጣለን፤ በማርች 1981 ቶሮንቶ በሜፕል ሊፍ ጋርደንስ የተቀረጸው ትርኢት ሙሉው አለበት፣ ዘፈኑ ገበያ ላይ ከዋለ ገና አንድ ወር ተኩል አልሞላውም ነበር። በ2011 የወጣው የዙሪያ ድምፅ ቅጂ መሣሪያዎቹን ለይቶ ለማጥናት ይመቻል፣ በተለይ በአዝማቹ ሥር የተነጠፈውን ሲንተሳይዘር። በዚያው ዓመት በክሊቭላንድ የተቀረጸው ግን ሙሉውን አልበም በቅደም ተከተል ቢጫወቱትም የሊ ድምፅ ደክሟል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው ነጥሎ ባይሰማው ጥሩ ነው። ከፊቱ ያለው ቃል የሌለው «ዋይ ዋይ ዚ» የቶሮንቶን አውሮፕላን ማረፊያ መለያ በሞርስ (በቴሌግራፍ አጭርና ረጅም ምልክት) ምት ያንኳኳል፣ በ5 እየተቆጠረ። ከዚያ ነው ሰባቱ የሚገባው። ሸክላ ያለው ሰው «ላይምላይት» ሲያልቅ መርፌውን አንሥቶ መገልበጥ አለበት፤ የሁለተኛው ፊት የመጀመሪያ ዘፈን «ዘ ካሜራ አይ» (የካሜራው ዓይን) ይባላል፣ ቃሉን ግን ጆሮው ቀድሞ «ላይምላይት» ሁለተኛ ስንኝ ላይ ሰምቶታል።