ከልብስ ሥር የሚውል ሽጉጥ የቱ ይሻላል? ማካሮቭ፣ ቶካሬቭ፣ ስታር፣ ግሎክ 19 እና ሲግ ፒ365 ጎን ለጎን

ሽጉጥ ስሙን ያገኘው «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ ነው፤ የሚሸጎጥ፣ ከልብስ ሥር የሚውል መሣሪያ ማለት ነው። ብዙ ገዢ ግን ይህን ይዘነጋና «የቱ ይበልጥ ይመታል?» ብሎ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ለሚውል ሽጉጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ነው። ጥይት ጎርሶ (አፈሙዙ ሥር ጥይት ገብቶ ለመተኮስ ተዘጋጅቶ) ሲውል፣ ድንገት ሲወድቅ፣ ላብ ሲነካው፣ ብስክሌት ላይ ሰውየው ሲያጎነብስ ባለቤቱን ሳይጎዳ ይውላል ወይ? ባሕር ዳር ላይ የጣና እርጥበት ይጨመርበታል። አምስቱን የመዘንናቸው በዚህ ነው።

ጽሑፉ ፈቃድ ላለው ወይም ፈቃድ በሕጋዊ መንገድ ለሚጠይቅ ሰው ነው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መግዛትም፣ መሸጥም ክልክል ነው። ስለዚህ ምርጫው ከዋጋ በፊት ከወረቀት ይጀምራል። መሣሪያው ላይ የተቀረጸው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ የሰፈረው አንድ ካልሆኑ፣ ወይም ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ፣ ብረቱ የቱንም ያህል ቢያምር እጅዎን ይሰብስቡ።

ልካቸው እንዲህ ነው፦

ማካሮቭ፦ ርዝመቱ 161 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ ባዶውን 730 ግራም፣ ካርታው 8 ጥይት ይይዛል፣ ጥይቱ 9×18።
ቶካሬቭ፦ ወደ 195 ሚሊሜትር፣ 850 ግራም ገደማ፣ 8 ጥይት፣ 7.62×25።
ስታር ቢ.ኤም፦ ወደ 180 ሚሊሜትር፣ ከ950 ግራም በላይ፣ 8 ጥይት፣ 9×19።
ግሎክ 19፣ አምስተኛው ትውልድ፦ 185 ሚሊሜትር፣ ከባዶ ካርታ ጋር 670 ግራም፣ 15 ጥይት፣ 9×19።
ሲግ ፒ365፦ 147 ሚሊሜትር፣ 500 ግራም ገደማ፣ 10 ጥይት፣ 9×19።

(ካርታ ያልነውን አንዳንዶች ካዝና ይሉታል፤ ጥይት የሚሰካበት ተነቃዩ ሣጥን ነው። 9×18 የመሰለው ቁጥር የጥይቱን ስፋትና የቀለሁን፣ ማለትም ባሩድ የያዘውን ቅርፊት፣ ርዝመት በሚሊሜትር ይናገራል።)

ማካሮቭ ወይስ ቶካሬቭ

በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ለምርጫ የሚቀርቡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም የሶቪየት ሥራ ናቸው፤ ዘመናቸውና አስተሳሰባቸው ግን ይለያያል። ቶካሬቭ እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹ የጦር ሜዳ ሽጉጥ ነው። ማካሮቭ እ.ኤ.አ. በ1951 ጦሩ ሲቀበለው ቀኑን ሙሉ ታጥቀውት ለሚውሉ መኮንኖችና ፖሊሶች የታሰበ ነበር።

ለመሸጎጥ ሲታሰብ የቶካሬቭ ትልቁ ጉድለት በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ (እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ማንሻ) አለመኖሩ ነው። ያለው መዶሻውን (ሲለቀቅ ጥይቱን የሚያስተኩሰውን የኋላ ብረት) በግማሽ መንገድ የሚይዝ አንድ ጥርስ ብቻ ነው። ያ ጥርስ በዕድሜ ይበላል፤ ከተበላ በኋላ ሽጉጡ ወድቆ መዶሻው መሬት ቢመታ ሊተኩስ ይችላል። መዶሻውን በአውራ ጣት ይዞ ጥይት በጎረሰ ሽጉጥ ላይ ቀስ ብሎ ማውረድም ጣት ካዳለጠ የሚያስከትለው ግልጽ ነው። ስለዚህ ቶካሬቭ የሚይዝ ሰው ያለ ጥይት ጉርሻ፣ ካርታው ብቻ ተሰክቶ መያዝ አለበት። ውጭ አገር ለገበያ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ላይ የጎን ሴፍቲ ተጨምሯል፤ እሱ ካለ በሁለቱም አቅጣጫ ጥርት ብሎ መቆሙን ያረጋግጡ።

ማካሮቭ ሴፍቲው ከኋላ በግራ ጎን ነው። ወደ ላይ ሲገፋ ይዘጋል፣ መዶሻውንም ራሱ በሰላም ያወርደዋል፤ ወደ ታች ሲመጣ ይከፈታል። ከብዙ ሌሎች ሽጉጦች ተቃራኒ ስለሆነ ከሌላ መሣሪያ የመጣ ሰው እጁ እስኪለምድ ይሳሳታል። ሴፍቲው ተከፍቶ መዶሻው ወርዶ ሳለ የመጀመሪያው ቃታ ረጅምና ከባድ ነው፣ ቀጣዮቹ ቀላል ናቸው። ያ ከባድ የመጀመሪያ ቃታ ለሚሸጎጥ ሽጉጥ ጥቅም ነው፤ በስህተት አይሳብም። የማካሮቭ መርፌ (የጥይቱን ቂጥ የሚወጋው ቀጭን ብረት) ያለ ስፕሪንግ ልቅ የተቀመጠ ስለሆነ ቀዳዳው ውስጥ ግሪስ ወይም ወፍራም ዘይት አይግባ። የተጣበቀ መርፌ ወይ አይመታም፣ ወይ ወደ ፊት ተጣብቆ ቀርቶ ጥይት ሲጎርስ ራሱ ይተኩሳል። መርፌው ያለበትን ክፍል አጥቦ አድርቆ መተው ነው፣ ዘይት አይቀባም።

ምቱን በተመለከተ፣ የማካሮቭ 6 ግራም ገደማ የሆነ እርሳስ (ከጥይቱ ተወንጭፎ የሚወጣው ጫፍ) በሰከንድ ወደ 315 ሜትር ይወጣል። የቶካሬቭ 5.5 ግራም ሆኖ ከ420 ሜትር በላይ ነው። ቶካሬቭን የሚያሞግሱት በዚህ ፍጥነት ነው፤ ሰፈር ውስጥ ግን ችግሩም ይኸው ነው። ቆርቆሮ፣ ኮምፔንሳቶና ጂብሰም አያቆሙትም። ቤቱ ከጎረቤት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ለተጣበቀ ሰው ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛውን ቤተሰብ ሳያስቡ ቶካሬቭ መምረጥ አይገባም። የሌሎቹም ጥይት ቆርቆሮን ይበሳል፤ ቶካሬቭ ግን ከበሳም በኋላ ጉልበት ይተርፈዋል።

ከሁለቱ ለወገብ ማካሮቭ ነው፤ በዚህ አንጠራጠርም።

ስታር

የስፔን ሥራ ነው። ሙሉ ብረት ስለሆነ እጅ ውስጥ ይረጋል፣ ሲተኮስም አይፈናጠርም። ነገር ግን ካርታው ሲሞላ ከአንድ ኪሎ ያልፋል፤ ያለ ጠንካራ ቀበቶ ሱሪ ያወርዳል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1997 ስለተዘጋ የካርታ ስፕሪንግ ወይም የመርፌ ምትክ ማግኘት አድካሚ ነው። ሁለት ጤነኛ ካርታ አብሮት ካልመጣ አይውሰዱት።

ግሎክ 19 እና ሲግ ፒ365

አዲስ መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ የሚደርሰው ሰው ምርጫው እዚህ ነው። ሁለቱም አካላቸው ፕላስቲክ፣ ላያቸው ብረት ነው፤ ሁለቱም ውጭ የሚታይ መዶሻ የላቸውም።

ግሎክ በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም። በራሳቸው የሚሠሩ ሦስት መከላከያዎች አሉት፣ ቢወድቅም እንዳይተኩስ የተሠራ ነው፤ ቃታው ሲሳብ ግን ምንም ሳይጠይቅ ይተኩሳል። የቃታው ክብደት ወደ 2.5 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ግሎክን ያለ ማህደር (የሽጉጥ አፎት) ሱሪ ውስጥ መሻጥ ፈጽሞ የማይደረግ ነገር ነው። አደጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሲወጣ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ የሸሚዝ ጫፍ፣ የጃኬት ገመድ ወይም የጋቢ ዘርፍ ከሽጉጡ ጋር ማህደሩ ውስጥ ይገባና ቃታውን ይስበዋል። ሲመልሱ ልብሱን በሌላው እጅ ከፍ አድርገው፣ እያዩ፣ ቀስ ብለው ይመልሱ። የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ሌላው የግሎክ ነገር፣ ለጽዳት ሲፈታ ቃታው መሳብ አለበት። ካርታውን አውጥቶ የጎረሰውን ጥይት የረሳ ሰው እዚያው ይተኩሳል። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ካርታውን ማውጣት፣ ከዚያ የላይኛውን ብረት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መሳብ፣ ከዚያ ከፍቶ በዓይን ማየትና በትንሿ ጣት መዳሰስ። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመሪያ የሳበ ሰው አንዱን ጥይት ያስወጣና ካርታው ሌላ ያጎርስለታል።

ሲግ ፒ365 እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ትኩረት የሳበው በዚያ ትንሽ አካል 10 ጥይት በመያዙ ነው። ውፍረቱ ሦስት ሴንቲሜትር አይሞላም፤ በሚያዝያ ሙቀት በአንድ ስስ ሸሚዝ ሥር የሚደበቀው እሱ ነው። በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ ያለውም የሌለውም አለ፤ ለጀማሪ ያለው ይሻላል። ዋጋው የሚከፈለው ሲተኮስ ነው። አፈሙዙ 79 ሚሊሜትር ብቻ፣ እጀታውም አጭር በመሆኑ ይፈናጠራል፣ እጅ ላልጠናበት ሁለተኛው ጥይት ይስታል። የግሎክ 19 እጀታ ግን ሙሉ እጅ ይይዘዋል። በቂ ልምምድ ለሌለው ሰው ትንሽ መሣሪያ ቀላል ይመስላል እንጂ ለመተኮስ ከትልቁ ይከብዳል። ምርጫ ላለው ሰው ግሎክ 19ን እናስቀድማለን፤ ፒ365ን ለቀጭን ሰውና ለለመደ እጅ።

ስለ ባለ አምስት ጥይት ተሽከርካሪ ሽጉጥ (ሪቮልቨር) የሚጠይቁም አሉ። በቀላሉ አይነክስም (ጥይት መሃል ላይ አይጣበቅበትም)፣ ካርታ የለውም፤ ቃታው ግን በጣም ከባድ ነው፣ ጥይቱም ከእነዚህ ከሁሉም የተለየ ነው። ሕጋዊ የጥይት ምንጩን ሳያረጋግጡ አይሞከርም።

ጥይት ማምታታት

«ዘጠኝ ሚሊ» ሲባል ሁለት ነገር ነው። የማካሮቭ እርሳስ ስፋቱ 9.27 ሚሊሜትር፣ የግሎኩ፣ የሲጉና የስታሩ 9.01 ሚሊሜትር ነው። አንዱ በሌላው አይተካም፤ የማካሮቭ ጥይት ግሎክ ውስጥ በትክክል አይገጥምም፣ ሊነክስም ይችላል። ሲረከቡ ከቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፣ አጠገብ ለአጠገብ አቁመውም ያስተያዩ፤ የማካሮቩ ቀለህ በአንድ ሚሊሜትር ያጥራል።

ጣና ዳር ዝገት

ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው እርጥበትና በመጋቢት ላብ መካከል ጥቁር የተቀባው የድሮ ብረት በፍጥነት ይዝጋል። ዘጌና ደሴቶቹ አካባቢ ለሚውል ሰው ይህ በእጥፍ ይታሰብ። ማካሮቭ፣ ቶካሬቭና ስታር በየሁለት ሳምንቱ መከፈት አለባቸው። ዝገት የሚጀምረው በማይታይ ቦታ ነው፦ እጀታው ሥር፣ ካርታው ውስጥ፣ ማነጣጠሪያው ግርጌ። የማካሮቭ እጀታ በአንድ ብሎን ይወጣል፤ ያንን ሳይፈቱ «ጸድቷል» አይባልም። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። የምግብ ዘይት በሳምንታት ውስጥ እንደ ሙጫ ይሆናል። ግሎክና ሲግ ይህን በደንብ ይችላሉ፤ ትንንሾቹ ስፕሪንጎችና ፒኖች ግን እነሱም ላይ ይዝጋሉ።

የድሮ የቶካሬቭ ጥይት የሚተኩስ ሰው አንድ ነገር ይጨምር። የብዙዎቹ ማቀጣጠያ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል፣ ጨውም እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨውን አያሟሟም። በተኮሱበት ቀን አፈሙዙን በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው።

የቆዳ ማህደር ለመያዝ ጥሩ ነው፣ ለማስቀመጥ መጥፎ ነው፤ ላቡን ጠጥቶ ይይዘዋል፣ የጥይቱንም ናስ አረንጓዴ ያደርገዋል። ማታ ከማህደሩ አውጥተው፣ ጥይቱን ለይተው፣ ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን በታሰረ የብረት ሣጥን ይቆልፉበት። ትራስ ሥርና ቁምሳጥን ላይ ልጅ የሚደርስበት ቦታ ነው።

ማህደሩ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣም አፉ የማይከደን መሆን አለበት። ቀበቶው 4 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ድርብ ቆዳ ይሁን። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከፊት ሆዱ ላይ አይያዝ፤ ፔዳል ሲመታ አፈሙዙ ወደ ጭኑ ደም ሥር ይዞራል። ከኋላ ወገብ ላይ ደግሞ ሲያጎነብስ ሸሚዙ ይነሳና ይታያል፣ ሲወድቅም አከርካሪ ላይ ነው። የቀኝ ዳሌ ጎን፣ ከሱሪው በላይ የሚወርድ ሸሚዝ ሥር፣ ለብስክሌትም ለባጃጅም ይሆናል።

«ቱርክ ሠራሽ» የሚባለው

በርካሽ የሚዞረው ብዙው የድምፅ ማሰሚያ (እርሳስ የማይወነጭፍ፣ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ) ሆኖ የተሠራና በኋላ የተቀየረ ነው። አካሉ የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ የእውነተኛ ጥይት ግፊት አይችልም፤ እጅ ላይ ይፈነዳል። ለመለየት ማግኔት በላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይ ያስጠጉ። ካልያዘ ብረት አይደለም። (ፈተናው በግሎክ እጀታ ላይ አይሠራም፤ ፕላስቲክ ነው። ላይኛውን ነው የሚፈትኑት።) ሕጋዊ ወረቀትም ስለማይኖረው በሁለት በኩል ኪሳራ ነው።

ሲረከቡ

ባዶነቱን በራስዎ እጅ ካረጋገጡ በኋላ አፈሙዙን ከኋላ በብርሃን ይዩ፤ በመሃሉ የቀለበት ጥላ ከታየ አብጧል፣ ይመለስ። ማካሮቭ፣ ቶካሬቭ ወይም ስታር ከሆነ መዶሻውን አቀባብለው ከኋላ በአውራ ጣት ጠበቅ አድርገው ይግፉ፤ ቃታ ሳይነካ ከወረደ ጥርሱ ተበልቷል። የካርታውን ከንፈሮች ይዩ፦ ከተሰነጠቁ ወይም ከተከፈቱ ሽጉጡ የሚነክሰው ከዚያ ነው። ከተረከቡ በኋላ ደግሞ ማታ ማታ እያወጡ ጠዋት የሚያጎርሱት ያው አንድ ጥይት ከሆነ እርሳሱ ቀስ በቀስ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሲተኮስም ግፊቱ ከልክ በላይ ይሆናል። በሳምንት አንዴ ከአዲስ ጥይት ጋር አቁመው ይለኩት፤ ካጠረ ለይተው ያስቀምጡት እንጂ ዳግም አያጉርሱት።