ፍሪካድ በአዳማ የመውቂያ ማሽን ዎርክሾፕ

አዳማ በሚገኘው አነስተኛ ዎርክሾፓችን የእህል መውቂያ ማሽን እንሠራለን። ብረት ቆርጠን ከመበየዳችን በፊት ንድፉን በኮምፒውተር መፈተሽ ከጀመርን ወራት ተቆጥረዋል፤ የምንጠቀመውም የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበትን ፍሪካድ የተባለውን ሶፍትዌር ነው። እትም 1.0 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ወጥቷል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን የንዝረት ስሌቱ ነው። የመውቂያው ከበሮ በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 10 ዙር ማለት ስለሆነ፣ ፍሬሙ በተፈጥሮው በዚያው ልክ የሚርገበገብ ከሆነ ንዝረቱ እየተደራረበ ብየዳውን ይሰነጥቀዋል። በሞዴሉ ላይ አንድ ሰያፍ ቱቦላሬ ጨምረን ስናሰላው የፍሬሙ የንዝረት ልክ ከ10 በእጅጉ ርቆ ተገኘ። ቀደም ሲል እንዲህ ያለውን ነገር የምናውቀው ማሽኑ ገበሬው እጅ ገብቶ ከተሰበረ በኋላ ነበር፤ በአጨዳ ወቅት ሥራው የቆመበት ሰው ኪሳራ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ሶፍትዌሩ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። ፍሪካድ ለስሌቱ የሚጠቀምበት ካልኩሊክስ የተባለው አስሊ ፕሮግራም የተሰጠውን መረጃ እንዳለ ስለሚቀበል፣ ፍሬሙ ከመሬት ጋር የተያያዘበትን ቦታ በስህተት ያስገባ ሰው በቀለም ያማረ፣ ነገር ግን ሐሰተኛ ውጤት ያገኛል። በሹል የውስጥ ማዕዘኖች ላይ የሚታየው ጫናም የስሌቱ መረብ (ሞዴሉ ለስሌት የሚከፋፈልባቸው ትናንሽ ክፍሎች) በደቀቀ ቁጥር እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ቁጥሩን እንዳለ ማመን አይገባም። የበያጁ እጅ ጥራት ደግሞ በስሌቱ ውስጥ ስለማይታይ፣ የመጀመሪያውን ማሽን አሁንም እህል እያስገባንበት እንፈትሻለን።