ክዳኑን ዘግታችሁ ሳትከፍቱ ላፕቶፕ እንዳትገዙ

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቧት። እኔ ተሸውጃለሁ።

ሻጩ ማሽኑን ከፍቶ አሳየኝ። ዋይፋዩ ወዲያው ተያያዘ፣ ቪዲዮ ከፈትን፣ ፍጥነቱ ደስ ይላል። ከፍዬ ወጣሁ። ማታ ክዳኑን ዘግቼ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው የከፈትኳቸው ፋይሎች እንደነበሩ አሉ፣ ዋይፋዩ ግን የለም። ግንኙነቱ ብቻ ተቋርጦ ቢሆን እሺ፣ ምልክቱ ራሱ ነው የጠፋው። ሪስታርት ሳደርገው ተመለሰ። ዘግቼ ስከፍተው ደግሞ ጠፋ። ስደውልለት "ድራይቨር ነው፣ እንደ አዲስ ጫንበት" አለኝ፤ ድራይቨር ማለት ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ነው። ሦስት ጊዜ ጫንኩ። ያው ነው።

ሻጭ ፊት የማይታየው ለምን መሰላችሁ? ኮምፒውተሩ ከዜሮ ሲነሳ የዋይፋይ ካርዱ ኃይል እንደ አዲስ ያገኛል፣ ፈርምዌሩም (ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ሶፍትዌር) እንደ አዲስ ይጫንለታል። ከእንቅልፍ (ስሊፕ) ሲነቃ ግን የተኛውን ካርድ ቀስቅሶ ወደነበረበት ሁኔታ መመለስ ያስፈልጋል፤ ብዙ ካርድ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሊኑክስ ስለምጠቀም የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ሎግ፣ ማለትም የሆነውን የሚመዘግብበትን፣ ዲሜሴጅ በሚባል ትዕዛዝ አየሁት። ካርዱን ከዲ3ኮልድ ወደ ዲ0፣ ማለትም ኃይሉ ከተቋረጠበት ወደ ሥራ ማምጣት አልተቻለም ይላል። ከዚያ በኋላ ከካርዱ የተነበበው ሁሉ ኤፍ ኤፍ ኤፍ ኤፍ ብቻ ነው። ይሄ የካርዱ መልስ አይደለም፣ መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ የሚነበብ ቁጥር ነው። ድራይቨሩን ሞድፕሮብ በሚባል ትዕዛዝ አውጥቼ መልሼ አስገባሁት፤ በዚህ ቢነሳ ኖሮ ከእንቅልፍ በፊት የሚያወጣው፣ ከነቃ በኋላ የሚያስገባው አጭር ስክሪፕት ጽፌ እገላገል ነበር። አልተነሳም። ባዮሱንም (ማሽኑን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር) አሻሻልኩ፣ ምንም።

በመጨረሻ ጀርባውን ፈታሁት። የካርዱ ሞዴል አምራቹ ለዚህ ማሽን ካወጣው የዕቃ ዝርዝር ጋር አይገጥምም። የሚይዘው ብሎን የለም፣ በፕላስተር ነው የተለጠፈው። ዝርዝሩ ላይ ያለውን ካርድ ገዝቼ ሳስገባበት ችግሩ ጠፋ። ወጪው ግን የኔ ሆነ፤ ሻጩ "ስሸጥልህ ይሠራ ነበር" ብሎ ድርቅ አለ።

ስለዚህ እዚያው ቆማችሁ አስተኙት። ክዳን መዝጋቱን ብቻ አትመኑ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ምንም እንዳያደርግ ሴቲንጉ ላይ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ማሽኑ ሳይተኛ የተኛ ይመስላችኋል። ከሜኑው ራሳችሁ እዘዙት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ሲነቃ መጀመሪያ ዋይፋዩን እዩ። አንዴ ቢያልፍ እንኳ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት፣ አንዳንዱ ሁሌ አይደለም የሚጠፋው። ሊኑክስ ከሆነ ለመደጋገሙ አርቲሲዌክ በሚባል ትዕዛዝ ከተኛ ከ30 ሰከንድ በኋላ ራሱ እንዲነቃ ማድረግ ይቻላል። ዋይፋዩ ጠፍቶ ሻጩ "ቆይ ሪስታርት ላድርገው" ካለ እጁን ያዙት፣ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የሚደበቀው። ከአንድ ሳምንት በታች የመመለሻ ጊዜ ከሰጠም አትስማሙ፤ የሰጠውን ደግሞ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ የኔ በቃል ነበር።