ዶንግል፣ የውስጥ ካርድ ወይስ ኬብል? ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ

ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ኮምፒውተር ሱቅ ገብታችሁ የዋይፋይ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ) አለ ወይ ስትሉ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ፍጥነቱ ነው፣ ይሄ 150 ነው ያኛው 300 ይሄኛው ደሞ 600 ምናምን። እሱን ቁጥር ለጊዜው ተዉትና ውስጡ ያለው ቺፕ ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ። ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) የሚሰራው ለቺፑ ነው፣ ካርቶኑ ላይ የማንም ስም ይጻፍ፣ የናንተ ዊንዶውስ ወይ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ያንን ቺፕ ካላወቀው ዶንግሉ መብራት ከማብራት ውጪ ጥቅም የለውም።

ስለ ቁጥሩ ካነሳን አይቀር፣ የተጻፈው ሜጋ ቢት ነው እንጂ ሜጋ ባይት አይደለም፣ ለ8 አካፍሉት፣ ስለዚህ 100 የሚለው በሰከንድ ቢበዛ 12.5 ሜጋ ባይት ነው። 600 የሚባለው ዶንግል ደግሞ የ2.4 ጊጋኸርዙ 150 እና የ5 ጊጋኸርዙ 433 ተደምረው ወደ ላይ የተጠጋጉ ናቸው፣ አንድ ዶንግል ግን በአንድ ጊዜ የሚገናኘው በአንዱ ነው። 5 ጊጋ ይፈጥናል ግን ግድግዳ አይወድም፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው የድሮ ቤት ውስጥ ከራውተሩ ሁለት ክፍል ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ 2.4ቱ ነው የሚደርሳችሁ፣ ለዛ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ወይ ሱቅ ላላችሁ፣ ሲፒዩው ከቦታው የማይነቃነቅ ከሆነ ኬብል ግዙና ተገላገሉ። ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር 1 ጊጋ ቢት ያደርሳል፣ የፓስወርድ ጣጣም የለውም። ብቻ ከቤት ቤት በውጪ አትዘርጉት፣ በክረምት መብረቅ ፖርቱን ያቃጥለዋል። የላን ፖርቱ የሞተ ከሆነ የዩኤስቢ ላን አዳፕተር አለ፣ አርቲኤል 8153 የሚባለው ቺፕ ያለበትን ካገኛችሁ ዊንዶውስ 10ም 11ም ኡቡንቱም ላይ ሰክቶ መጠቀም ነው። ዩኤስቢ 2 ላይ ከሰካችሁት ግን ከ480 ሜጋ ቢት አያልፍም።

የውስጥ ካርድ (ላፕቶፑ ውስጥ የሚገጠም የዋይፋይ ካርድ) ለሚፈልግ ኢንቴል ነው የኔ ምርጫ። ኤኤክስ 200 እና ኤኤክስ 210 ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ 210ሩ አዲሱን የ6 ጊጋኸርዝ ባንድ ይጨምራል እንጂ ራውተራችሁ ከሌለው ትርፉ ብዙ አይደለም። ኡቡንቱ 20.04 ላይ ላላችሁ 200ው ይሻላል። ለዊንዶውስ 7 ሁለቱም የኢንቴል ድራይቨር የላቸውም። አደጋው 201 እና 211 ላይ ነው፣ መልካቸው አንድ አይነት ዋጋቸው ደሞ ረከስ ያለ፣ ግን የሚሰሩት ለነሱ በተዘጋጀ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ብቻ ነው፣ ኤኤምዲ ላፕቶፕ ላይ ጭራሽ አይነሱም። አንዳንድ የቆዩ ኤችፒና ሌኖቮዎችም ከራሳቸው ዝርዝር ውጪ ያለ ካርድ አይቀበሉም፣ ይሄንንም እዩ።

ዶንግል ላይ ነው ግርግሩ ያለው። ዊንዶውስ 10 ወይ 11 ለሚጠቀም የሪልቴክም የሚዲያቴክም ቺፕ ይሰራል፣ ድራይቨሩ በሲዲ ከመጣና ላፕቶፑ ሲዲ ማስገቢያ ከሌለው ስልካችሁን በኬብል አገናኙና ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማካፈያ) አብሩ፣ ዊንዶውስ ራሱ ያወርደዋል። ኡቡንቱ የምትጠቀሙ፣ በተለይ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ የምትማሩ ልጆች፣ እናንተ ናችሁ መጠንቀቅ ያለባችሁ። የአቴሮስ ኤአር 9271 እና የሚዲያቴክ ኤምቲ 7601ዩ ቀርፋፋ 2.4 ብቻ ናቸው ግን ከድሮ ጀምሮ ሊኑክስ ያውቃቸዋል፣ ፍጥነት ለሚፈልግ ኤምቲ 7612ዩ አለ። ሪልቴክ ላይ ከቁጥሩ ቀጥላ የምትመጣዋን ፊደል ተመልከቱ፣ 8811ሲዩ ኡቡንቱ 24.04 ላይ ያለምንም ጣጣ ይነሳል፣ 8811ኤዩ ግን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2025 በቨርዥን 6.14 ስለሆነ 24.04 ይዞት በወጣው 6.8 ላይ ድራይቨሩን ከኮዱ ራሳችሁ ኮምፓይል ካላደረጋችሁ አይሰራም። አንድ ፊደል ነው እንግዲህ ልዩነቱ።

ብራንድ ደሞ አያድናችሁም። የቲፒ ሊንክ 722ኤን የመጀመሪያው ቨርዥን አቴሮስ ነበር፣ ሊኑክስ ላይ ስሙን ያገኘው በሱ ነው፣ ቨርዥን 2 እና 3 ግን ሪልቴክ ሆነዋል፣ ሞዴሉ ያው፣ ካርቶኑም ያው ሊመስላችሁ ይችላል። ቨርዥኑ ጀርባው ላይ ካለው ስቲከር ላይ ይነበባል።

አፕል የሰራው ኤም ቺፕ ያለበት ማክ ላላችሁ ዶንግል አልመክርም፣ ለሱ ድራይቨር የሚያወጣ ማግኘት ከባድ ነው፣ የላን አዳፕተሩን ውሰዱ።

ስትገዙ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዛው ሰክታችሁ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ሃርድዌር አይዲውን ክፈቱ፣ ቪአይዲ (የአምራቹ መለያ) የሚለው 0ቢዲኤ ካለ ሪልቴክ ነው፣ 148ኤፍ ወይ 0ኢ8ዲ ካለ የሚዲያቴክ ወገን ነው። ሻጩ ከፍለህ ነው የምትሰካው ካለ አጠገቡ ያለው ሱቅ ግቡ።