ማተቧን ሳያስፈታ ላነሳልን ባለሙያ

እናቴ ለ7 ወራት መቀመጥ አቅቷት ነበር። ቆማ ትውላለች፣ ስትተኛ ይሻላታል፤ ረከቦቱ ፊት ስትቀመጥ ግን ከወገቧ በታች እንደ እሳት ይለበልባታል። አንድ ቦታ ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ተነስታ «እጢ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ወረቀት ይዘን ወጣን። ያን ሰሞን ቤታችን እንዴት እንደከረመ አልናገርም።

ሁለተኛው ቦታ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ወጣቱ የኤምአርአይ ባለሙያ አስቀድሞ የድሮውን ፊልም ወደ ብርሃን አንስቶ አየ። «ይሄ የወገብ ነው፣ ታችኛው ክፍል ተቆርጧል። ሲቀመጡ የሚያምዎት ከሆነ እስከ ጅራት አጥንት መታየት አለበት» አለ።

ብረት አውልቁ ሲባል እናቴ «ማተቤን አልፈታም» ብላ ድርቅ አለች። እኔ ልቆጣት ስል እሱ ቀደመኝ። ክሩ ጥጥ ብቻ መሆኑን አገላብጦ አየና «እማማ፣ ማተቡ ይቆይ፤ መስቀሉን ብቻ ልጅዎ ይያዝልዎ» አላት። መስቀሉን ከክሩ አላቆ መዳፌ ላይ አኖረው። ካስጨነቃት የምትጨምቀውን ኳስ አስያዛት። መሣሪያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ እሱ ግን በየዙሩ «ይሄኛው 4 ደቂቃ ነው፣ አይንቀሳቀሱ» እያለ በድምፅ ማጉያው ሲያነጋግራት ቆየ።

የራዲዮሎጂ ሐኪሟም ምስሉን ከፍተው አሳዩን። 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ነገር ከነርቭ ሥር ጋር ተያይዟል። ቲ2 በሚባለው ምስል ላይ በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ እንዳለው ፈሳሽ ነጭ ነው፤ በቲ1 ይጠቁራል፤ በደም ሥር የተሰጣት ጋዶሊኒየም የሚባለው ምስል ማድመቂያም አላደመቀውም። ውሃ የቋጠረ ከረጢት እንጂ እጢ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 በጻፈው አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ስም የታርሎቭ ሲስት ይሉታል። «ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል፤ ሕመማቸው ከዚህ ነው ብዬ አልፈርድም፤ የነርቭ ሐኪም ይየው» አሉን። የምስጋናዬ ግማሽ ለዚች ቃል ነው።

ሳላስፈቅድ ስማቸውን በአደባባይ አልጽፍም። ዘመድ የታመመባችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ስትሄዱም የድሮውን ፊልም እንዳትረሱ።

እናቴ ከጀርባዬ ቆማ «መስቀሉን እንዳከበረልኝ ጻፍክ?» እያለች ነው። ጽፌያለሁ።