ማን ተማረ፣ ማን ተከበረ? በደብረ ብርሃን ስለታተመው የምሩቃን መጽሔት

በደብረ ብርሃን ከተማ የሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ከጥቂት የቀድሞ ተማሪዎች ጋር ተባብሮ ያወጣው የምሩቃን መጽሔት በከተማው የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች መሸጥ ከጀመረ ሰንብቷል። ኅትመቱ የዩኒቨርሲቲው ይፋዊ ሥራ አይደለም፤ አዘጋጆቹም ይህንኑ በውስጥ ሽፋኑ ላይ አስፍረዋል። መጽሔቱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ቀለም ሆኖ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን «ስመ ጥር ልጆች» ለማስተዋወቅ የታሰበ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጥቁርና ነጭ ታትሞ በየሙያው የተሰማሩ ምሩቃን ስለ ሥራቸው የሚናገሩበት ነው። ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ለሚጠይቁ ሰዎች መልሴ አጭር ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ለዋጋው ይበቃል፣ የመጀመሪያው ክፍል ግን በዚህ መልኩ መታተም አልነበረበትም።

ከመጀመሪያው ክፍል ልጀምር፤ ገዢው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ገልጦ የሚያየው እርሱን ነውና። በእነዚህ ገጾች ላይ የቀረቡት ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ በዩኒቨርሲቲው በእርግጥ ተምረው የተመረቁ፣ የክብር ዶክትሬት የተሰጣቸው፣ እንዲሁም በሰሜን ሸዋ ምድር በመወለዳቸው ወይም ስማቸው በአካባቢው በመነሣቱ ብቻ የገቡ። አዘጋጆቹ ሦስቱን በአንድ ዓይነት ክፈፍ፣ በአንድ ዓይነት ፊደልና በአንድ ርዕስ ሥር ስለደረደሯቸው፣ ጉዳዩን ከሌላ ቦታ የማያውቅ አንባቢ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሊለይ አይችልም።

ለምሳሌ ሻምበል አበበ ቢቂላን እንውሰድ። ጃቶ በምትባል መንደር መወለዳቸውና እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ የማራቶን ወርቅ ማምጣታቸው ለዚህ አገር ሰው ሁሉ ኩራት ነው። ይሁን እንጂ በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ሲያርፉ ዩኒቨርሲቲው ሥራ ሊጀምር 33 ዓመት ይቀረው ነበር። አንኮበር የተወለዱት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም ቢሆኑ የሥዕል ትምህርታቸውን የተከታተሉት ለንደን በሚገኘው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው፤ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሚታዩትን የመስተዋት ሥዕሎቻቸውንም ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ ይከፈታል ተብሎ ሳይታሰብ ፈጽመዋቸዋል። ሁለቱም በየራሳቸው ገጽ ላይ ሕይወታቸው በጥሩ ቋንቋ ተጽፏል፤ ነገር ግን ገጹ የሚገኘው በምሩቃን መጽሔት ውስጥ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው የፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ገጽ ነው። የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ካምፓስ በስማቸው ስለሚጠራ አንድ ወጣት አንባቢ እዚያው ተምረው የወጡ ሐኪም አድርጎ ቢወስዳቸው አይፈረድበትም። ፕሮፌሰሩ ሕክምና የተማሩት በስኮትላንድ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ያረፉትም በግንቦት ወር 1991 ዓ.ም. ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ማስተማር የጀመረው ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ነው። አንድ ተቋም ካምፓሱን በታላቅ ሐኪም ስም መሰየሙ መልካም ነው፤ መጽሔቱ ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳ ኖሮ ገጹ በራሱ ትምህርት ይሆን ነበር። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የለም።

የክብር ዶክትሬት ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በምረቃ ቀን ለአገር የሠሩ ሰዎችን በክብር ዶክትሬት የማክበር ልማድ አላቸው፤ የሚከበረው ሰው ግን በዚያ ተቋም ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አልተማረም፣ ፈተናም አልተፈተነም። ስለዚህ ቦታው ራሱን የቻለ፣ «ዩኒቨርሲቲው ያከበራቸው» የሚል ገጽ ነው። ሁለቱን መቀላቀል ምሩቁንም ተከባሪውንም ይጎዳል፤ አራት ዓመት በብርድ የተማረው ልጅ ከጎኑ ከቆመው ዝነኛ ሰው ጋር ሲነጻጸር ምንም ያልሠራ ይመስላል፣ ዝነኛው ሰውም የማይገባውን የተማሪነት ታሪክ ይሸከማል።

አዘጋጆቹ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ መገመት አይከብድም። ገጹን የሚሞላ ዝነኛ ምሩቅ በብዛት አላገኙም፣ ይህም እንደ ጉድለት ተሰምቷቸዋል። እኔ ግን ጉድለት አድርጌ አላየውም፤ ምክንያቱ የዕድሜ ጉዳይ ነውና። ለዚህ ከፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ አካባቢ የተወለዱት እኚህ ሳይንቲስት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ድርቅን የሚቋቋመው «ሀጊን ዱራ 1» የተባለው ዲቃላ የማሽላ ዝርያቸው በሱዳን ለገበሬ የደረሰው በ1983 ሲሆን፣ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣት ጭምር የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት በ2009 ነው። ከምረቃ እስከ ሽልማት 36 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ ማሽላ የሚያመርት ገበሬ የዚህን ሥራ ዋጋ ከማንኛውም የሽልማት ወረቀት በላይ ያውቃል፤ ነገር ግን ዓለማያ በ1970ዎቹ መጽሔት አሳትሞ ቢሆን ኖሮ የገቢሳ ስም በአንድ ጥግ ላይ እንኳ አይገኝም ነበር። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቀድመው የወጡት የመደበኛ ተማሪዎች ዛሬ ገና ወደ አርባ ዓመት እየተጠጉ ያሉ ሰዎች ናቸው። በዚያው ስሌት ብንሄድ የእነርሱ ጊዜ የሚደርሰው በእኛ አቆጣጠር በ2030ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። መጽሔቱ ይህንን ሒሳብ ሠርቶ ለአንባቢ ቢያቀርብ ኖሮ ከሌላ ቦታ ዝና መበደር አያስፈልገውም ነበር።

በመጀመሪያው ክፍል በትክክል ምሩቅ የሆኑት ሰዎች የተመረጡበት መስፈርትም አላረካኝም። አብዛኞቹ ገጾች ሙሉ ልብስ ለብሰው ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ናቸው። ሹመት መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን የአንድ ኃላፊ ገጽ የሚነግረን የያዘውን ወንበር እንጂ በወንበሩ ላይ ሆኖ የሠራውን ካልሆነ፣ ባለሹመቱ በተዛወረ ማግስት ገጹ ያረጃል። ስለነዚህ ገጾች ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ሁለተኛው ክፍል ግን ሌላ መጽሔት ይመስላል። ወረቀቱ ሳሳ ያለ፣ ፎቶግራፎቹ የደበዘዙ ቢሆኑም፣ ጠያቂዎቹ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያወቁት እዚህ ነው። በክረምት መርሐ ግብር ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ያሳደጉ መምህራን የተናገሩበት ምዕራፍ በተለይ ሊነበብ ይገባል። እነዚህ ሰዎች ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከደነባ፣ ከአረርቲ እየመጡ፣ ሌላው መምህር በሚያርፍበት ወራት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የደብረ ብርሃን ክረምት ከብርድና ከዝናብ ጋር እየታገሉ የተማሩ ናቸው። በየትኛውም የዝነኞች ዝርዝር ውስጥ አይገቡም፤ ይሁንና በዞኑ ትምህርት ቤቶች አሁን የሚያስተምረውን መምህር የት እንደተማረ ብንጠይቅ በብዛት የምንሰማው የእነርሱን ዓይነት ታሪክ ነው። መጽሔቱ ክረምትን፣ የማታውንና መደበኛውን ሳያበላልጥ «ምሩቅ» ብሎ መቁጠሩን አደንቃለሁ፤ ይህ ቀላል የሚመስል ውሳኔ በብዙ ተመሳሳይ ኅትመቶች አይታይም።

ሁለተኛው ጥሩ ጽሑፍ በሞረትና ጅሩ ከምትሠራ የግብርና ባለሙያ ጋር የተደረገው ቃለ መጠይቅ ነው። መረሬው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ገበሬው ዝናቡ እስኪያባራ ዘር ማዘግየት ነበረበት፤ ሰፊ መደብ ሠርቶ መሐሉን ቦይ ማውጣት ውኃውን ስለሚያንጠፈጥፍ ቀድሞ ለመዝራት ያስችላል። ባለሙያዋ ይህንን በገበሬ ቋንቋ ካስረዳች በኋላ የጨመረችው ነገር ቃለ መጠይቁን ከሌሎቹ ለይቶታል፤ የእነዋሪ አካባቢ ገበሬ መደቡን በእጁ እያበጀ ሲዘራ የኖረ መሆኑን፣ እርሷ ካምፓስ የተማረችው ደግሞ ያንኑ በበሬ በሚጎተት መሣሪያ የማፋጠኑን ዘዴ እንደሆነ በግልጽ ተናግራለች። የተማረ ሰው ዕውቀቱን ከየት እንዳገኘ ሲናገር መስማት ደስ ይላል። በዚያው ምዕራፍ ስለ መንዝ በግ ማሻሻያ የተጻፈው ግን በጣም አጥሯል። በመንዝ ገበሬዎች ራሳቸው አውራ በግ እየመረጡ የሚሳተፉበት የማኅበረሰብ የማዳቀል ሥራ ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ለዓመታት ሲካሄድ የቆየ ሲሆን፣ ለእንስሳት ሳይንስ ምሩቅ ከዚህ የበለጠ የሥራ መስክ በአካባቢው አይገኝም። አንድ አንቀጽ አይበቃውም ነበር።

በጤናው ምዕራፍ ውስጥ አንዲት አዋላጅ ነርስ ስለ እናቶች ማቆያ የምትናገረው ይገኛል። የጀማን ገደል ተሻግረው የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይይዛቸው ቀደም ብለው መጥተው በጤና ተቋሙ አጠገብ እንዲቆዩ ማድረግ ምን ያህል የቤተሰብ ድርድር እንደሚጠይቅ፣ አማት እንዴት እንደምትለመን፣ ቤት የቀሩ ልጆች ለማን እንደሚሰጡ በዝርዝር ትተርካለች። ከመጽሔቱ ሁሉ አንድ ገጽ ብቻ አንብብ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

አሁን ወደ አርትዖቱ ልመለስ። የዘመን አቆጣጠር መደበላለቅ በየቦታው ይታያል። በአንድ ገጽ ላይ «በ2009» የሚል ያለ ምልክት ተጽፎ ስናገኝ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አናውቅም፤ በምሩቃን ታሪክ ውስጥ ሰባትና ስምንት ዓመት ማለት አንድ ባች ገብቶ እስኪወጣ ካለው ጊዜ በላይ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ከሌላ ነገርም ጋር ይያያዛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 ከመቶ ማምጣት ስላለበት፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የወጡ ምሩቃን ያለፉበት መንገድ አንድ አይደለም። ትክክለኛ ዓመት ያልተጻፈለት ምሩቅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይታወቅም። የአያት ስም አለመጻፉም ትልቅ ችግር ነው። በዚህ አገር በአንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በስምና በአባት ስም ቢገጥም የሚያስደንቅ አይደለም፤ የትምህርት ማስረጃ ላይ አያት የሚጻፈውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋብኝ በመጨረሻዎቹ ገጾች የብዙ ምሩቃን የስልክ ቁጥር መታተሙ ነው። ማንን አስፈቅደው እንዳተሙ የሚገልጽ ቃል የለም። ለሥራ ትውውቅ ታስቦ ይሆናል፤ ነገር ግን የሴት ተመራቂዎች ቁጥር ጭምር በአደባባይ መውጣቱ ማሰብ የጎደለው ሥራ ነው። የሙያና የወረዳ ስም ተጽፎ፣ መገናኘት የሚፈልግ ሰው በአዘጋጆቹ በኩል መልእክት እንዲልክ ማድረግ ይቻል ነበር።

ስለ ማተሚያ ቤቱ አገልግሎት ደግሞ ጥሩ ነገር እናገራለሁ። ያገኘኋቸውን ስሕተቶች በወረቀት ጽፌ ስወስድላቸው መደብሩን የምትጠብቀው ወጣት ተቀብላ በትዕግሥት አነበበችው፤ «ጋሼ፣ የካምፓሱን ስም የተመለከተውን እኛም አይተነዋል፤ ለሁለተኛው እትም እርማት ይገባል፣ ይህንንም እጨምረዋለሁ» አለችኝና ከፊቴ በማስታወሻ ደብተር አሰፈረችው። ስለ ስልክ ቁጥሮቹ ስጠይቃት ግን ጉዳዩ የአዘጋጆቹ እንጂ የማተሚያ ቤቱ አለመሆኑን ነገረችኝ። ትክክል ናት፤ ያም ሆኖ አዘጋጆቹ የሚገኙበት አድራሻ በመጽሔቱ ላይ የለም።

የኅትመቱ ጥራት እንደ ክፍሎቹ ይለያያል። ሽፋኑ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የባለቀለሙ ክፍል ፎቶግራፎችም ንጹሕ ናቸው። ሙጫው ግን ደካማ በመሆኑ መጽሔቱ ሰፋ ተደርጎ ሲገለጥ የመሐል ገጾች ይላቀቃሉ፤ የሚላቀቁትም በአብዛኛው የጥቁርና ነጩ ክፍል ገጾች ናቸው። ዋጋው ለደመወዝተኛ ጥቂት ከበድ ይላል። ቢሆንም ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ መግዛት ተገቢ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምን እንደሚያጠና የሚያመነታ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከባለሙያዎቹ ቃለ መጠይቆች ብዙ ያገኛል። ለራሱ የሚገዛ ሰው ሁለተኛውን እትም ቢጠብቅ ይሻለዋል። አሁኑኑ የሚፈልግ ካለ ከመክፈሉ በፊት የጤናውና የግብርናው ምዕራፎች ሳይጎድሉ መጠረዛቸውን ገልጦ ይመልከት፤ እኔ በገዛሁት ቅጂ ላይ የእናቶች ማቆያው ገጽ ከጥራዙ ወጥቶ በተዘዋወረ ቦታ ገብቶ ነበርና።