ስድስት ኪሎ ማታ ለምትማሩ ሠራተኞች፦ እኚህን እናት እወቋቸው

ሰሞኑን የማስተርስ ዲፌንሴን ጨርሻለሁ። «እንኳን ደስ አለሽ» ላላችሁኝ ሁሉ ክብረት ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ግን አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አጠገብ፣ ከኮፒ ቤቶቹ በአንዷ የሚሠሩ እናት አሉ። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «እትዬ» ልበላቸው።

ኤክስቴንሽን የተማረ ያውቀዋል። ከቢሮ የምወጣው 11:30 ነው። ክፍል 12 ሰዓት ይጀምራል። በመሃል የሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ አለ። መምህሩ «ኮፒ ቤት አስቀምጬላችኋለሁ፣ አንብባችሁ ኑ» ያለውን ሃንድአውት ቀን የሚማሩት ወስደው ሲያነቡ፣ እኔ ከክፍል ስወጣ ሱቁ ተዘግቶ ይጠብቀኛል።

እትዬ ይህን ያዩት ማንም ሳይነግራቸው ነው። የማታ ተማሪዎችን ስም ደብተር ላይ መዘገቡ። ጽሁፍ በመጣ ቁጥር ለእያንዳንዳችን ኮፒ አድርገው፣ ስቴፕል መትተው፣ ጥግ ላይ ስማችንን በእርሳስ ጽፈው ያስቀምጣሉ። ከታክሲ ወርጄ በሩ ላይ ስደርስ የእኔ ወጥቶ ይጠብቀኛል። ታክሲ ውስጥ ላነብ የምችለው ነገር ያገኘሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ሂሳቡን «ደሞዝ ሲወጣ» ይላሉ።

የሰኔውን ግን መቼም አልረሳውም። የምሠራው ሂሳብ ክፍል ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ቲሲስ የማስገቢያው ቀንም እዚያው ሰኔ ላይ ወደቀ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቢሮ አመሸሁ። ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ፍላሼን ይዤ እትዬ ጋ ስሄድ ከቲሲሱ ጋር የሚያያዘው መጠይቅ ተበላሽቷል። በፓወር ግዕዝ የጻፍኩትን አማርኛ፣ ድካም ላይ ሆኜ ሙሉውን ፋይል ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ስቀይር ዝብርቅርቅ ያለ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት አድርጌዋለሁ። እትዬ ፎንቱን መልሰው ሞከሩ። ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ እምቢ አለ። እንባዬ መጣ።

«ያስሞላሽው ወረቀት የለም?» አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉና እንደ አዲስ መምታት ጀመሩ። ለዓመታት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበሩ። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ኪቦርዱን አንዴም አላዩትም። አራቱን ገጽ ጨርሰው ሲያበቁ ደግሞ ሌላውን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ «በሚጠረዘው በኩል ህዳጉ ጠባብ ነው፣ ፊደሉን ይውጥብሻል» ብለው እሱንም አስተካከሉ። ከዚያ በፊት ሌላ ቤት አስጠርዤ የመስመሩ መጀመሪያ የማይነበብ ፕሮፖዛል ይዤ ቀርቤ ስለነበር ይህች ቃል ምን ያህል እንደገባችኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ልጅ ገብቶ «ቲሲስ የሚጽፍልኝ ሰው ያውቃሉ? እከፍላለሁ» አላቸው። ሥራና ትምህርት አንድ ላይ ሲያደክም ይህ ሐሳብ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም መጥቶብኛል። እትዬ አልተቆጡትም። «ልጄ፣ እኔ እጠርዛለሁ። መጻፉ የአንተ ነው» አሉትና ወንበር ስበው አስቀመጡት። ማውጫውን ዎርድ ራሱ እንዴት እንደሚያወጣለት አሳዩት። ገጹን አንድ በአንድ በእጁ ሲቆጥር ነበር የከረመው። ለዚህ ሳንቲም አልተቀበሉም። እኔ እንደማየው ግቢው ካሉት መምህራን የማይተናነሱ አስተማሪ ናቸው።

ስለዚህ እዚያ የምትማሩ፣ በተለይ ከሥራ እየሮጣችሁ የምትመጡ፣ ሂዱና ስማችሁን ደብተራቸው ላይ አስመዝግቡ። የማታ ተማሪ ነኝ ካላችሁ ይበቃል። ጥረዛ የምትፈልጉ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ድረስ አትጠብቁ፤ በሰኔ ወረፋው ብዙ ነው።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። አንዱ ጥራዝ እናቴ ቤት ቡፌው ላይ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወርደዋለች።